ወለላችሁ የሌላ ሰው ጣሪያ ሲሆን፦ በኮንዶሚኒየም ውስጥ የራስ ነፃነትና የጎረቤት መብት

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለው በመሃሉ አጥርና ግቢ ላለው ሰው ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁለት ቤተሰብ የሚለያየው በአንድ ሶሌታ (በሁለት ፎቅ መካከል ባለ የኮንክሪት ወለል) ወይም በአንድ ረድፍ ብሎኬት ነው፤ ጎረቤቱም በእጣ የመጣ ነው። በ20/80 የመንግሥት ቤቶች ፕሮግራም ተመዝግቦ ለዓመታት የቆጠበ ሰው፣ እጣው ሲወጣለት ከላዩ ማን እንደሚያድር፣ ከሥሩ ማን ሕፃን እንደሚያስተኛ የሚነግረው የለም። ቁልፉን ሲረከብ ግን ከባንኩ ዕዳ ጋር አንድ ስሜት አብሮ ይረከባል፦ «ለፍቼ ያገኘሁት ነው፤ በቤቴ ያሻኝን ባደርግ ማን ያገባዋል?»

በሌላ ወገን የብሎክ ኮሚቴ አለ። እዚያ ደግሞ «የጋራ» የምትለው ቃል እየተለጠጠች ሄዳ፣ ተከራይዋ ማታ ስንት ሰዓት ገባች፣ ከማን ጋር መጣች እስከ ማለት ትደርሳለች።

ሁለቱም ወገኖች የሚስቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ድንበሩን በሩ ላይ ያደርጉታል፤ አንዱ «ከበሩ ወዲህ ማንም አይገባም» ይላል፣ ሌላው «በሩን አንኳኩተን እንጠይቃለን» ይላል። በኮሚቴም በቤት ጥገናም የቆየ ሰው የሚነግራችሁ ግን ሌላ ነው፦ መታየት ያለበት ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው ቤት የሚሻገረው ነገር ነው። ውሃ ይሻገራል። ድምፅ፣ ጭስ፣ ሽታ፣ ክብደት ይሻገራሉ። እምነት፣ እንግዳ፣ አለባበስ፣ የመግቢያ ሰዓት አይሻገሩም። የሚሻገረው ላይ ማንም «ቤቴ ነው» ብሎ ማምለጥ የለበትም፤ የማይሻገረው ላይ ኮሚቴ አያገባውም።

ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለ ንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይከለክላል፤ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረትን በስማቸው ይጠራቸዋል። ሁሉንም ጭስና ሁሉንም ድምፅ ግን አይከለክልም። የሚከለክለው ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈውን ነው፤ ልኩ ሲመዘንም የአካባቢው ልማድ እንዲታይ ይላል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደግሞ ደረጃውን፣ ጣሪያውን፣ ዋና ዋና መስመሮችን የሁሉም አድርጎ፣ ባለቤቶቹ ማኅበርና መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖራቸው አድርጓል። ልኩ ግን አዋጅ ላይ ተጽፎ አይገኝም፤ ብሎኩ ራሱ ነው የሚያወጣው። ለዚህ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ የሚሻገር ነገር አለ? ሌላ መንገድ ወይም ሌላ ቦታ አለ? የሚያበቃበት ጊዜ ይታወቃል?

ከሁሉ በላይ የሚያጣላው ውሃ ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ረዘም እንበል።

ከታች ያለው ሰው ጣሪያው ላይ ቢጫ ክብ ያያል። ይወጣና ያንኳኳል። ከላይ ያሉት ሻወራቸውን ያሳዩታል፤ ሴራሚኩ ደረቅ ነው። «እኛ ጋ ምንም የለም» ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው፤ ውሃው የሚሄደው ከሴራሚኩ ሥር ነውና አይታያቸውም። ጠቡ የሚጀምረው ሁለቱም ያዩትን ሲናገሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሽማግሌ ሳይሆን ፍተሻ ነው።

የሚንጠባጠበው መቼ ነው? ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰዓትም የማያቋርጥ ከሆነ ግፊት ያለበት መስመር ነው፤ ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ወይም መጋጠሚያው ለቋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ነጠብጣቡ የፈረቃውን ቀን ተከትሎ ይመጣል፤ ይህን ልብ ያለ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ለማረጋገጥ የላይኛው ቤት ቧንቧ ሁሉ ይዘጋና ቆጣሪው ይታያል፤ ከዞረ መልሱ ተገኘ። የሚንጠባጠበው ሰው ገላውን ሲታጠብ ወይም ልብስ ሲያጥብ ብቻ ከሆነ ግን ችግሩ ፍሳሹ ወይም ወለሉ ነው። ሁለቱን ለመለየት የወለሉን ፍሳሽ ቀዳዳ ጨርቅ በላስቲክ ጠቅልሎ አጥብቆ መድፈን፣ ወለሉ ላይ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ መሙላት፣ የደረሰበትን በእርሳስ ማስመር፣ 24 ሰዓት መተው። ከታች ከረጠበ የወለሉ ውሃ መከላከያ የለም ወይም ተሰንጥቋል። ደረቅ ከሆነ ድፍኑ ይነቀልና ውሃው በአንዴ ይለቀቃል፤ ያኔ ከተንጠባጠበ ሲፎኑ (ከፍሳሹ ቀዳዳ ሥር ያለው ጥምዝ ቱቦ) ወይም መጋጠሚያው ነው። ይህን ከመሥራት በፊት ለታችኛው ቤት መንገር ግድ ነው፤ አለበለዚያ ፍተሻው ራሱ አዲስ ጠብ ይሆናል። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚመጣ እርጥበት ደግሞ ከጣሪያ፣ ከውጭ ግድግዳ ወይም ከበረንዳ ነው፤ የላይኛውን ጎረቤት ከመክሰስ በፊት እሱን ማየት ይሻላል።

ጥገናው ላይ የሚበዛው ስህተት ፉጋውን (በሴራሚኮቹ መሃል ያለውን መሙያ) ፈቅፍቆ አዲስ ፉጋ መሙላት ነው። ጥቂት ወር ይይዛል፣ ይመለሳል። መፍትሔው ሴራሚኩን አንስቶ ወለሉን ማጽዳት፣ የውሃ መከላከያውን ሁለት ጊዜ መቀባት (ሁለተኛው የመጀመሪያው ሲደርቅ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ)፣ ግድግዳው ላይም ቢያንስ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት የ24 ሰዓቱን ፍተሻ መድገም ነው። ባለሙያው «አያስፈልግም» ካለ፣ ያስፈልጋል።

ወጪው የማን ነው? በአንድ ቤት ውስጥ ብቻ የሚያገለግል ቱቦና ወለል የቤቱ ባለቤት ነው። ከላይ እስከ ታች የሚወርደው ዋና መስመር የማኅበሩ ነው። የላይኛው ባለቤት የታችኛውን ጣሪያ ቀለምና ልስን ማሳደስም አለበት፤ ቀለሙ ግን ጣሪያው በደንብ ሳይደርቅ ከተቀባ ይላጣል፣ «በደንብ አልሠራህልኝም» የሚል ሁለተኛ ዙር ይመጣል። ሳምንታት መታገሥ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። በብዙ ብሎኮች የላይኛው መታጠቢያ ቤት ሲፎን የሚታየው ከሶሌታው በታች፣ ማለትም በታችኛው ሰው ሽንት ቤት ጣሪያ ላይ ነው። ስለዚህ የላይኛው መስመሩን ማስጠገን ቢፈልግም ሠራተኛው የሚገባው ታች ነው። የታችኛው ሰው «የናንተ ችግር ነው፣ በሬን አልከፍትም» ካለ ጥገናው አይሠራም። ቤቱ የግሉ ነው፤ ነገር ግን ለተወሰነ ሰዓት፣ ቀድሞ በተነገረ ቀን፣ ባለቤቱ ባለበት በሩን መክፈት ግዴታው መሆን አለበት። ደንባችሁ ውስጥ ይህ ካልተጻፈ ዛሬ ጻፉት፦ «ለጋራ ወይም ለጎረቤት መስመር ጥገና በ48 ሰዓት ማስታወቂያ በር ይከፈታል፤ አደጋ ከሆነ ወዲያው።»

ስለ ውሃ ሁለት ነገር ጨምሬ ልለፍ። ውሃ ጠፍቶ ቧንቧ ከፍቶ ትቶ መውጣት በፈረቃ ሰፈር የጎርፍ ዋና ምክንያት ነው፤ ሌሊት ውሃው ይመጣል፣ ባለቤቱ የለም፣ ሦስት ፎቅ ይረጥባል። ከቤት ሲወጡ ዋናውን ጌት ቫልቭ መዝጋት ይለመድ። ሌላው በረንዳ ላይ የሚቀመጥ ሮቶ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ 500 ሊትር ግማሽ ቶን ይሆናል፣ ያውም በአንድ ጥግ ላይ፣ ያውም ከግድግዳ ወጥቶ በተንጠለጠለ ሶሌታ ላይ። የራሴ በረንዳ ነው ማለት እዚህ ጋ አይሠራም፤ ከሥሩ ሕፃናት ይጫወታሉ። ውሃውን በጄሪካን ከፋፍሎ በቤት ውስጥ በግድግዳ ዳር ማስቀመጥ፣ ትልቁን ታንከር ደግሞ በጋራ መሬት ላይ መትከል ይሻላል።

ድምፅ እንደ ውሃ ቀላል ፍተሻ የለውም። በኢትዮጵያ የአካባቢ መመዘኛ የመኖሪያ ሰፈር የድምፅ ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ተራ ጭውውት በአንድ ሜትር ርቀት 60 ገደማ እንደሚደርስ ካሰባችሁ የሌሊቱ ልክ ምን ያህል ዝቅተኛ እንደሆነ ይገባችኋል። ግን ብሎክ ውስጥ መለኪያ ይዞ የሚዞር የለም፤ የሚጠቅመው ድምፁ በምን እንደሚሄድ ማወቅ ነው። ወሬ፣ ቴሌቪዥን፣ ሙዚቃ በአየር ይሄዳሉ፤ መቀነስ ወይም መስኮት መዝጋት ይበቃቸዋል። ሙቀጫ፣ ወንበር መጎተት፣ ተረከዝ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ግን በሶሌታው በኩል ይሄዳሉ፤ እነሱን መስኮት መዝጋት አያግዳቸውም። ብዙዎቹ ብሎኮች ሶሌታቸው በባዶ ብሎኬት ላይ ስስ ኮንክሪት የፈሰሰበት ስለሆነ ከበሮ ናቸው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ቡና የሚወቅጥ ሰው ሙቀጫውን ከክፍሉ መሃል ወደ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ጥግ ይውሰደው፤ የሶሌታ መሃል ይበልጥ ይነዝራል። ከሥሩ ወፍራም ጎማ ወይም ብዙ ጊዜ የታጠፈ ብርድ ልብስ ያድርግ። የወንበርና የጠረጴዛ እግር ላይ ጨርቅ ወይም ጎማ መለጠፍ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ታች ላለው ሰው ግን እንቅልፍ ነው። ስፒከር ወለል ላይም ግድግዳ ላይም አይደገፍ፤ ከሥሩ ስፖንጅ ይደረግ፣ ቤዙ ይቀነስ።

ኮሚቴዎች የሚወድቁበት ሌላ ነገር ደግሞ ድምፅን በይዘቱ መዳኘት ነው። አንዱ መዝሙር ይከፍታል፣ አንዱ ነሺዳ፣ አንዱ ኳስ። «መዝሙር እንዴት ረበሸ ትላላችሁ?» ከተባለ ነገሩ ወዲያው የሃይማኖት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያበርደውም። ደንቡ ስለ ሰዓትና ስለ ከፍታ ብቻ ይናገር፦ ለምሳሌ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ከቤት ውጭ የሚሰማ ማንኛውም ድምፅ አይፈቀድም። ምን እንደሚሰማ አይጠቀስ።

ቤት ማጠናቀቅ ግን ራሱን የቻለ መከራ ነው። ቤቶቹ ብዙ ጊዜ ያለ ሴራሚክና ያለ ሙሉ ማጠናቀቂያ ስለሚተላለፉ፣ በአንድ ብሎክ ውስጥ ግራይንደርና መዶሻ ለዓመታት ሊዞሩ ይችላሉ። ማንንም ቤቱን እንዳይሠራ መከልከል አይቻልም። የሚቻለው የሚያበቃበትን ማሳወቅ ነው፤ ደረጃው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ የሥራው ዓይነት፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ የባለቤቱ ስልክ ከተጻፈበት የቅሬታው ግማሽ ይጠፋል። ሰው የሚያብደው በድምፁ ብቻ አይደለም፣ መቼ እንደሚያልቅ ባለማወቁም ጭምር ነው። የሥራ ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል፣ እሁድና በዓል የለም፣ ሴራሚክ የሚቆረጠው ምድር ላይ። ግድግዳ ማፍረስን በተመለከተ አጭር ነው፦ ኮለን፣ ቢምና ሶሌታ አይነኩም፤ ውስጡ ፌሮ ያለበት ነገር ሁሉ የሕንፃው እንጂ የእናንተ አይደለም። የብሎኬት ክፍልፋይ ለማንሳትም የሕንፃ ሹም ፈቃድና የማኅበሩን ዕውቅና ያዙ።

ጭስ ላይ ሦስተኛው ፎቅ የታመሰ በርበሬ አምስተኛውን ያስለቅሳል፤ ደረጃው ጭስ ማውጫ ስለሚሆን ነው። በሩን ዘግቶ መስኮቱን ከፍቶ ማመስ ይረዳል፣ የተሻለው ግን የጋራ ማብሰያ ቤቱ ወይም ምድር ነው። ከሰል ከዚህ የከፋ ነው። የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ሞት ነው። ደረጃ ላይ ማቀጣጠልም ለጎረቤት አይበጅም፤ ደረጃው እሳት ቢነሳ ሁሉም የሚወጣበት ብቸኛ መንገድ ነው። ያልበረደ አመድ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አይጣል።

በዓል ሲደርስ በጉ ይመጣል። ፋሲካም ሆነ አረፋ፣ እርድ መብት ነው፤ በሻወር ቤት ማረድ ግን መብት አይደለም። ምክንያቱ ንጽሕና ብቻ አይደለም፦ ደሙ ቱቦ ውስጥ ይረጋል፣ ስቡ ቀዝቅዞ ይደድራል፣ ፈርሱ ይጨምርበትና መስመሩ ይዘጋል። ከላይ ያሉት መጠቀማቸውን አያቆሙም፤ ስለዚህ የሚገነፍለው ምድር ቤት ባለው ሰው ሽንት ቤት ነው፣ ያውም በበዓል ቀን። ሳይቶቹ ሲነደፉ ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ የጋራ ቤት የተሠራው ለዚህ ነበር። አንዳንድ ማኅበራት ግን ገቢ ለማግኘት ያከራዩታል። ማከራየቱን አልቃወምም፤ መጀመሪያ ግን «ታዲያ በጉ የት ይታረድ?» የሚለው ይመለስ። በጋራ ቦታ ሲታረድ ፈርሱ በማዳበሪያ ተቋጥሮ ይወጣ፣ ቦታው በውሃ ይታጠብ፣ ቆዳው ጨው ይነስነስበትና «ቆዳ ያለው!» እያሉ ለሚዞሩት ጠዋቱን ይሰጥ፤ ከሰዓት በኋላ ማንም አይፈልገውም፣ ማታ ደግሞ ውሻ ይጎትተዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚያስቸግረው ሰው ራሱን እንዲገታ ነው። ግዴታ ግን በተቃራኒውም ይሄዳል። ለቅሶ ድንኳን የመኪና ማቆሚያውን ለሦስት ቀን ይይዛል፤ ሌሊት ሰው ይወጣል ይገባል፣ ሴቶች ያለቅሳሉ፣ ወንበር ይንኳኳል። ሦስቱ ጥያቄዎች ጋ አቅርቡት፦ ይሻገራል፣ አዎ። ሌላ ቦታ አለው? የለውም። የሚያበቃበት ይታወቃል? አዎ። እንዲህ ያለውን መሸከም የጎረቤት ድርሻ ነው፤ መኪናችሁን ራሳችሁ አውጡ። አራስ ቤት የሚያለቅስ ሕፃን፣ አልጋ ላይ የዋለ ታማሚም እንዲሁ ነው። ሠርግ ትንሽ ይለያል፤ ቀኑ ቀድሞ ስለሚታወቅ ማስታወቂያውም ቀድሞ መምጣት አለበት፣ ስፒከሩም ሰዓት አለው።

አሁን ወደ ኮሚቴው። የጥበቃው መዝገብ ላይ የእንግዳ ስም መጻፍ ለደህንነት ሊጠቅም ይችላል፤ ያ መዝገብ የኮሚቴ ወሬ ምንጭ ሲሆን ግን ጥበቃ መሆኑ ቀርቷል። «ለብቻዋ ለሆነች ሴት አይከራይ»፣ «ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም» የሚሉ ውሳኔዎች ብዙ ጊዜ ለሥነ ምግባር ተብለው ይወሰናሉ። ምኑ ተሻገረ? የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ብትመጣ ወደ ጎረቤቷ ቤት የሚሻገር ነገር የለም። በሩ ይቆለፍ ከተባለ ሁሉም ነዋሪ ቁልፍ ይኑረው። ደረጃ ላይ ካሜራ የሚተክል ማኅበርም አቅጣጫውን ወደ መግቢያው እንጂ ወደ ሰው በር አያድርገው።

መዋጮ አልከፈለም ተብሎ የሰው ውሃ መዝጋት፣ ስሙን ደረጃ ላይ መለጠፍ፣ ሁለቱም ኮሚቴውን ወደ ጥፋተኝነት ያዞራሉ። መጀመሪያ በጽሑፍ ማስታወቂያ፣ ቀነ ገደብ፣ ከዚያ በፍርድ ቤት ክስ። ቅጣት የሚጣለው ጥፋቱ ከመፈጸሙ በፊት በጠቅላላ ጉባኤ በጸደቀ ደንብ ላይ ካለ ብቻ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ቀን፣ የተገኙት ቁጥርና ፊርማ ይኑረው። በሦስት ሰው ፊርማ የወጣ ቅጣት ፍርድ ቤት አይቆምም፣ ነዋሪውም አያከብረውም። የጥበቃ፣ የጽዳትና የደረጃ መብራት ወጪ በየወሩ በአንድ ገጽ ቢለጠፍ ደግሞ የማይከፍለው ሰው ቁጥር ይቀንሳል፤ አብዛኛው አልከፍልም የሚለው ገንዘቡ የት እንደገባ ስለማያውቅ ነው።

ቅሬታ ሲኖር አነጋገሩም ሥራ አለው። ድምፁ በሚሰማበት ሰዓት፣ በንዴት አትውጡ፤ በማግስቱ ሂዱ። ለታላቅ ሰው «እትዬ፣ እንደምን አደሩ፤ አንድ ነገር ላማክርዎት ብዬ ነው። ትናንት ማታ ከ5 ሰዓት በኋላ ሲወቀጥ ልጄ ተነሳብኝ። ጎማ ላምጣልዎት?» ብሎ መጀመር ይቻላል። ሰዓቱ አለ፣ ነገሩ አለ፣ መፍትሔው አለ፤ ስድብ የለም። «ሁልጊዜ ትረብሹናላችሁ» ከተባለ ግን ሰውየው የሚከላከለው ስሙን ነው፣ ሙቀጫውን ይረሳዋል። ሁለት ጊዜ ተነግሮ ካልተለወጠ ለኮሚቴው በጽሑፍ፣ ቀንና ሰዓት እየተጠቀሰ፤ የውሃ ከሆነ ፎቶ ከነቀኑ። ኮሚቴው ካልቻለ ሁለቱም የሚያከብሯቸው ሽማግሌዎች፣ እነሱም ካልቻሉ ፍርድ ቤት። ቅደም ተከተሉን የዘለለ ሰው ፍርዱን ቢያሸንፍ እንኳ ካሸነፈው ሰው ጋር በአንድ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል።

የመጨረሻው ተከራይ ላይ ነው። ባለቤቱ ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ነው፣ ተከራዩ «ቤቱ የኔ አይደለም» ይላል፣ ውሃው ይንጠባጠባል። የኪራይ ውሉ ላይ ሦስት መስመር ይግባ፦ ተከራዩ የብሎኩን ደንብ ኮፒ ተቀብሎ ፈርሟል፤ ለጥገና በር ይከፍታል፤ እስከዚህ ብር ድረስ ያለ አስቸኳይ ጥገና ባለቤቱን ሳይጠብቅ አሠርቶ ከኪራዩ ይቀንሳል። መጠኑን በውሉ ላይ በአኃዝም በፊደልም ጻፉ። የባለቤቱ ወይም የወኪሉ ስልክም በኮሚቴው ብቻ ሳይሆን ከሥር ባለው ቤት ዘንድም ይቀመጥ።